ለራሴ እጅና ለአማርኛ የሠራሁት ኪቦርድ

“ጠረጴዛ” የሚለውን ቃል ኮምፒውተር ላይ ጻፉት። አራት ፊደል ነው። የአማርኛውን ድምፅ በላቲን ቁልፎች እየመታን በምንጽፍበት ዘዴ ግን ስምንት ምት ይፈልጋል። ከስምንቱ ሦስቱ ሺፍት ተይዞ የሚመቱ ናቸው። አንዱ ጠን ለማምጣት፣ አንዱ ጰን ለማምጣት፣ አንዱ ደግሞ ጰን ወደ ጴ ለመለወጥ። ሺፍቱን የሚይዘው ማን ነው? ትንሿ ጣት። ከአምስቱ ሁሉ አቅም የሌላት እሷ ናት።

ይህን በቀን ውስጥ በምንጽፋቸው ቃላት ሁሉ አባዙት። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ፣ ኘ፣ ዠ፣ ሐ ሁሉም ሺፍት ይጠይቃሉ። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አራት ነጥብ ለማስቀመጥም ሺፍት ይዘን ሁለት ነጥቧን ሁለቴ እንመታለን። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍትን የሚፈልገው በአብዛኛው ዓረፍተ ነገር ሲጀምርና ስም ሲጠራ ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ቃሉ መሃል ላይ ይፈልገዋል፤ ያውም ደጋግሞ። ኪቦርዱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

በዚህ ምክንያት ነው በገዛ እጄ ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ የሠራሁት። ግራው ለብቻው፣ ቀኙ ለብቻው፣ መሃል ላይ በኬብል ይገናኛሉ። ይህን የምጽፈውም በእሱ ነው።

ሥራዬ ትርጉም ነው። ጠዋት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ማታም እገኛለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግራ እጄ ከአንጓው ጀምሮ እስከ ክርኑ ያቃጥለኝ ጀመር። ፊዚዮቴራፒስቷ ኪቦርድ ፊቴ አስቀምጣ “እስቲ እንደምትጽፍ ሁን” አለችኝ። ከዚያ ሁለቱን አንጓዎቼን በጣቷ እየነካች አሳየችኝ። ክንዶቼ ከትከሻዬ ተነስተው ወደ መሃል ገብተዋል። መዳፎቼ ደግሞ ቁልፎቹን ለማግኘት ከአንጓው ላይ ወደ ውጭ ታጥፈዋል። በዚያ ላይ መዳፍ ወደ መሬት ሲዞር ሁለቱ የክንድ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራሉ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ነው የምውለው። እጄን ያሻለው ኪቦርዱ ብቻ ነው አልልም። እረፍቱም፣ የወንበሩ ከፍታም፣ ያዘዘችልኝ እንቅስቃሴም ድርሻ አላቸው። የሚያመው ሰው መጀመሪያ ባለሙያ ጋ ይሂድ። ክንዶቼ ከትከሻዬ ቀጥ ብለው ወርደው የሚጽፉበት መሣሪያ ግን ያስፈልገኝ ነበር።

ተራው ኪቦርድ ቅርፁን ያገኘው ከእጅ አይደለም። ልብ ብላችሁ እዩት። ኪው ከኤ በላይ ቀጥ ብላ አልቆመችም፤ ወደ ግራ ዘመም ብላለች። (የላቲን ቁልፎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያልኩ ነው የምጠራቸው።) አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ከባልደረቦቹ ጋር የፈለሰፈውና ሬሚንግተን የተባለው ኩባንያ በ1874 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው) ለገበያ ያቀረበው የጽሕፈት መኪና ከየቁልፉ ሥር የሚነሳ ዘንግ ነበረው። ዘንጎቹ ጎን ለጎን እንዲያልፉ ቁልፎቹ መዛነፍ ነበረባቸው። ዘንጉ ከቀረ ስንት ዘመኑ። መዛነፉ ግን ዛሬም በላፕቶፓችን ላይ አለ።

የእኛም የጽሕፈት መኪና ታሪክ ከዚሁ ቅርፅ ጋር የተደረገ ትግል ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ በዚያች መኪና ቁልፎች ላይ እንዴት ይደረድሩታል? ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙበት መንገድ ፊደሉን ከነምልክቱ ለያይቶ ወረቀቱ ላይ መልሶ መገጣጠም ነበር። እኛም ዛሬ በኮምፒውተር የምናደርገው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ዋናው ፊደል አንድ ምት፣ አናባቢው ሌላ ምት። የዚህን ሰው ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። መሣሪያው ለቋንቋችን ባልተሠራበት ዘመን ቁጭ ብሎ መሣሪያውን ለቋንቋው መለወጥ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ኪቦርድን ለሁለት መክፈልም አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጀርመናዊው ክሎከንበርግ በ1926 ጽፎበታል። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሊሊያን ማልትና ስቲቨን ሆብዴይ ማልትሮን የተባለውን ኪቦርድ ሠሩ። እሷ ታይፕ ታስተምር ነበር፤ እሱ መሐንዲስ ነበር። ሥራቸው ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ ነገር አለ። በእነሱ አደራደር ኢ የምትባለው ቁልፍ የተቀመጠችው አውራ ጣት ሥር ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሁሉ የበለጠ የምትደጋገመው እሷ ስለሆነች ለጠንካራው ጣት ሰጧት። ተራ ኪቦርድ ላይ ሁለት አውራ ጣቶች ሥራቸው ምንድን ነው? አንዲት ስፔስ መጠበቅ።

ከዚያ ወዲህ ኪኔሲስም ማይክሮሶፍትም በ1990ዎቹ የየራሳቸውን ይዘው መጡ። ከ2010 በኋላ ደግሞ ነገሩ በተራ ሰው እጅ ገባ። ኤርጎዶክስ፣ ኮርን፣ ሊሊ58 የሚባሉት ንድፎች ለማንም ክፍት ናቸው። ፋይሉን ታወርዳላችሁ፣ ቦርዱን (ቁልፎቹን የሚያገናኙት መስመሮች የታተሙበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ታሳትማላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ትገጣጥማላችሁ። ከእነሱ አንዱን ብሠራ ለአንጓዬ ይበቃኝ ነበር። ለትንሿ ጣቴ ግን አይበቃም። ፊደሎቻቸው የት ይሁኑ የሚለው የታሰበው ለእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ በአማርኛ የትኛው ምት ስንቴ እንደሚደጋገም ቆጠርኩ። የራሴን የትርጉም ሥራዎች ሰብስቤ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ምቶቹ ይመልሰዋል። በ ማለት ቢ እና ኢ፣ ባ ማለት ቢ እና ኤ፣ ብ ማለት ቢ ብቻ። ሳድስ ከሁሉ በዝቶ ወጣ፤ እሱ ግን የአናባቢ ምት የለውም። ቀጥለው የመጡት ግዕዝና ራብዕ ናቸው። በሌላ አነጋገር ጣቶቼ ቀኑን ሙሉ የሚደበድቧቸው ኢ እና ኤ ናቸው። ኤ የምትገኘው የት ነው? ግራ ትንሿ ጣት ሥር። ሺፍትስ? እዚያው አጠገቧ። ታብም እዚያው። የሚያቃጥለኝ ግራ እጄ እንደነበር አስታውሱ። ውጤቱን ስክሪኑ ላይ ሳየው የምሠራው ኪቦርድ ግማሹ ያን ጊዜ ተነደፈ።

ውሳኔው ይህን ይመስላል። ኢ እንደ ማልትሮን ወደ ግራ አውራ ጣት ወረደች። እነሱ ለእንግሊዝኛ ብለው ያደረጉት ለግዕዝ ድምፃችንም ልክ ሆነ። ሺፍት ወደ ቀኝ አውራ ጣት ሄደ፣ ከስፔስ አጠገብ። ኤ ከትንሿ ጣት ተነስታ የመሃል ጣት ማረፊያ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ የነበረችው ዲ ኢ በለቀቀችው ቦታ ገባች። ትንሿ ጣት ሥር የቀረውን ክፍት ቦታ ለኪው ሰጠሁት። እንግሊዝኛ ውስጥ ኪው ብርቅ ናት። አማርኛ ውስጥ ግን ቀ፣ ቁ፣ ቃ፣ ቅ ሁሉ በእሷ ነው የሚመጡት፤ ጥግ ላይ መጣሏ አግባብ አይደለም። የቀሩትን እንዳሉ ተውኳቸው። ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ መለወጥ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ለእኔ ግን ዓመታት የለመደ ጣትን ያለ ምክንያት ማስቸገር ነው።

ከዚያ እጄን ለካሁ። ይህ ከሁሉ የወደድኩት ክፍል ነው። ወረቀት ዘርግታችሁ እጃችሁን ሳትወጥሩ ታሳርፋላችሁ። ጣቶቹ ባረፉበት በስክሪብቶ ነጥብ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ጣቶቹን ትንሽ ዘርግታችሁ ሌላ ነጥብ፣ ትንሽ ሰብስባችሁ ሌላ ነጥብ። ለእያንዳንዱ ጣት ሦስት ነጥብ ወጣ፤ ሦስት ረድፍ ማለት ነው። ነጥቦቹ በፍጹም ቀጥ ባለ መስመር አይሰለፉም። የመሃል ጣት ከፍ ይላል፣ ሌባ ጣትና የቀለበት ጣት ዝቅ ይላሉ፣ ትንሿ ጣት ደግሞ በጣም ወደ ታች ትቀራለች። የእኔ ትንሽ ጣት በተለይ አጭር ናት። አባቴም እንደዚሁ ነበር። አብዛኞቹ ዝግጁ ንድፎች ለትንሿ ጣት የሰጡት ዝቅታ አይበቃኝም ነበር፤ እኔ ጨመር አደረግሁበት። አውራ ጣት ደግሞ የራሱ ቅስት አለው። ከመዳፍ ሥር እየዞረ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሦስት ቁልፍ ያለ ችግር ይደርሳል፤ አራተኛው ላይ መዳፉ መነሳት ይጀምራል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጎን 5 ዓምድ፣ 3 ረድፍ፣ 3 የአውራ ጣት ቁልፍ። 18 ከዚህ፣ 18 ከዚያ፣ ጠቅላላ 36። “ቁጥሮቹስ?” ይሉኛል የሚያዩት ሁሉ። ቁጥሮቹ በሌላ ንብርብር ላይ ናቸው። አንዱን የአውራ ጣት ቁልፍ ስይዝ ያው ፊደሎች ቁጥር ይሆናሉ። ጣት ወደ ቁጥሩ ከሚሄድ ቁጥሩ ጣቱ ወዳለበት ይምጣ።

ንድፉን የጻፍኩት ኤርጎጀን በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። ሥዕል አትስሉም፤ “ይህ ዓምድ ከዚያኛው ይህን ያህል ሚሊሜትር ይውረድ” ብላችሁ በጽሑፍ ትነግሩታላችሁ። ቅርፁን እሱ ያወጣዋል። የቁልፎቹን ርቀት የተለመደውን 19.05 ሚሊሜትር አደረግሁ። ከዚያ በልኩ አትሜ ካርቶን ላይ ለጠፍኩትና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ በባዶው እጽፍበት ጀመር። እንዲህ ያለ ነገር ለሚያስብ ሰው አጥብቄ የምመክረው ይህን ነው። ካርቶን በነፃ ይቀደዳል። የታተመ ቦርድ አይቀደድም።

የቦርዱ መስመሮች የተሠሩት ኪካድ በሚባል የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ብልሃት አለ። በአንድ ጎን 18 ቁልፍ አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ሽቦ ወደ መቆጣጠሪያዋ ቺፕ ብንስብ 18 እግር ይበላል። በምትኩ ቁልፎቹን በዓምድና በረድፍ እናያይዛቸዋለን። 5 ዓምድና የአውራ ጣቶቹን ጨምሮ 4 ረድፍ፣ 9 እግር ብቻ። ቺፗ ተራ በተራ መስመሮቹን እየነካች “ማን ተጫነ?” ብላ ትጠይቃለች። በሴኮንድ ውስጥ ይህን እጅግ ብዙ ጊዜ ታደርገዋለች። ችግሩ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ነው። ሦስቱ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ከሆኑ ኤሌክትሪኩ በእነሱ ዞሮ አራተኛው ጥግም የተጫነ ያስመስላል። ያልነካችሁት ፊደል ይጻፋል። መድኃኒቱ በየቁልፉ ሥር አንድ ዳዮድ ማድረግ ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ ዞሮ የሚመጣውን ይከለክላል።

ዳዮዱን መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች አገኘሁ። 1ኤን4148 ስትሏቸው ወዲያው ያውቁታል፤ ጠጋኞች ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው። ስዊቾቹን (በየቁልፉ ሥር ሆነው ምቱን የሚቀበሉትን) እና መቆጣጠሪያዎቹን ግን ዱባይ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ቦርዱ ቻይና ታትሞ መጣ። ፋብሪካዎቹ ከ5 በታች አያትሙም። ቦርዱን የነደፍኩት ሲገለበጥ ግራም ቀኝም እንዲሆን አድርጌ ነው፤ ሁለቱ ለእኔ ይበቃሉ፣ ሦስቱ ተረፉ።

ሶልደር ማድረግን፣ ማለትም ዕቃዎቹን በቀለጠ ሊድ ቦርዱ ላይ ማያያዝን፣ ያስተማረኝ የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ ነው። ወጣት ነው፤ እጁ ግን የሽማግሌ እርጋታ አለው። “ወንድሜ፣ ሊዱን በብረቱ ላይ አታቅልጠው” አለኝ። “መጀመሪያ እግሩንና ቦታውን አንድ ላይ አሙቃቸው። ከዚያ ሊዱን ስታስጠጋው ራሱ ይጠጣዋል።” እውነቱን ነው። በደንብ የሞቀ ቦታ ላይ ሊዱ ሮጦ ይገባና ያበራል። ያልሞቀ ቦታ ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል፤ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ዳዮዱ ላይ ጥቁር መስመር አለ፤ የሁሉም መስመር ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቆማል፣ እኔም በባትሪ ብርሃን የዳዮዶቹን አቅጣጫ እቆጥራለሁ።

ስዊቾቹ የሚሰኩበትን የላይኛውን ሳህን ያስቆረጥኩት ማስታወቂያ ሠሪዎች ጋ ነው። የሱቅ ስም ከአክሪሊክ የሚቆርጡበት ሌዘር አላቸው። ቀዳዳው ለአንድ ስዊች 14 ሚሊሜትር በ14 ነው። ሌዘሩ ራሱ ትንሽ ስለሚበላ በፋይሉ ላይ ጠበብ አድርጌ ሰጠኋቸው። የስዊቹ ጥርስ ጠቅ ብሎ የሚይዘው 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ላይ ነው። የተገኘው 3 ሚሊሜትር አክሪሊክ ነበር፤ ጥርሱ አይዝም፣ ቦርዱ ላይ የተደረገው ሶልደር ግን አጥብቆ ይይዘዋል። ለትንንሽ ጣቶቼ ስፕሪንጋቸው ለስለስ ያለ ስዊች መረጥኩ። ልዩነቱ በአንድ ምት አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ይታወቃል።

ቀጥሎ ፈርምዌሩ፣ ማለትም ቺፗ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም። ኪውኤምኬ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው የጫንኩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። ኪቦርዱ አማርኛ አያውቅም። ኪቦርድ ወደ ኮምፒውተር የሚልከው ፊደል ሳይሆን የቁልፍ ቁጥር ነው። ያንን ወደ ፊደል የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአጻጻፍ ፕሮግራም ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ (ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ወጥ ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት ነው) በመግባቱ ዛሬ አዲስ አበባ የጻፍኩት ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ላይ ያው ሆኖ ይነበባል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፎንትና የራሱ ቁጥር ነበረው፤ ያንዱ ጽሑፍ ሌላው ጋ ሲደርስ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እኔ የሠራሁት ሥራ የቆመው ፊደላችንን ዩኒኮድ ውስጥ ያስገቡት ሰዎች በሠሩት ላይ ነው።

ሆኖም ኪቦርዱ ቋንቋውን ባያውቅም ለቋንቋው ማገዝ ይችላል። ሺፍቱን ተይዞ ሳይሆን ተነክቶ የሚሠራ አደረግሁት። አንዴ ነካ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ ቀጥሎ የምመታው አንድ ፊደል ብቻ ይለወጣል። ጭቅጭቅ ለማለት ነካ ሲ፣ ኪው፣ ነካ ሲ፣ ኪው። ምንም የሚያዝ ነገር የለም፣ ምንም የሚጣመም ጣት የለም። አውራ ጣቱ በሁለተኛው ቀን ራሱ ለመደው። አራት ነጥብ ደግሞ የራሱ ቁልፍ አለው። ስነካው ኪቦርዱ ሁለት ነጥቡን ሁለቴ አከታትሎ ይልካል፤ ስክሪኑ ላይ ። ይወጣል። ይህችን ቁልፍ ባልሠራ ኖሮ ሌላው ሁሉ ቢሳካም ቅር ይለኝ ነበር። ዓረፍተ ነገር የሚዘጋበት ምልክት ሁለት ጣት የሚያስጨንቅ መሆን የለበትም።

አንዳንድ ቁልፍ ሲነካ አንድ ነገር፣ ሲያዝ ሌላ ነገር ይሠራል። ኪውኤምኬ ሁለቱን የሚለየው በጊዜ ነው፤ ሲመጣ 200 ሚሊሴኮንድ ተብሎ ነው። ፈጥኖ ለሚጽፍ ሰው ይህ ቁጥር መስተካከል አለበት። እኔ ለአውራ ጣት አሳጥሬ፣ ለሌሎቹ አርዝሜ ነው የተስማማኝ። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ኬብል እንደ ጆሮ ማዳመጫ ጫፍ ያለው ባለ አራት መስመር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ሳለ አትንቀሉት። ሲወጣና ሲገባ ኃይሉ ከሌላ መስመር ጋር ለቅጽበት ይነካካል፤ ቺፗን ሊያቃጥል ይችላል። መጀመሪያ ዩኤስቢውን ንቀሉ።

አሁን ሁለቱ ግማሾች ጠረጴዛዬ ላይ በሁለት ስንዝር ያህል ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ በትከሻዬ ልክ። የውስጥ ጠርዛቸው ከፍ ብሏል፤ መዳፎቼ ግማሽ በግማሽ እየተያዩ ነው የሚጽፉት። በመሃላቸው የምተረጉመው ወረቀት ይገባል። ድሮ አንገቴን ወደ ጎን አዙሬ ነበር የማነበው፤ ይህን ጥቅም አስቀድሜ አላሰብኩትም። ፍጥነቴ መጀመሪያ ላይ በጣም ወርዶ ነበር። በተለይ ኤ የምትባለውን ቁልፍ ፍለጋ ትንሿ ጣቴ ለብቻዋ ትነሳ ነበር። ለአስቸኳይ ሥራ አሮጌውን፣ ማታ ማታ አዲሱን እያልኩ ቆየሁ። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግን አሮጌው ኪቦርድ ላይ ስቀመጥ አውራ ጣቶቼ ሥራ ፈትተው ይታወቀኛል።

አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ሞክራው “ለእኔም ሥራልኝ” አለች። ሦስት ቦርድ ስለተረፈኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። እጇን ሳሳርፈው ግን ጣቶቿ ለጥቂት ቢደርሱም አውራ ጣቷ ሺፍቱ ጋ ለመድረስ መዳፏ ይነሳል። የእሷ ስንዝር ከእኔ ያጥራል። ስለዚህ ነጥቧን በወረቀት አስነካኋት፤ አዲስ ቦርድ ነው የሚታተመው። ደግሞም እሷ ከአማርኛ ይልቅ በትግርኛ ነው በብዛት የምትጽፈው። ትግርኛ ቐ አለው፤ ኸ፣ ሐ እና ዐም ከአማርኛው ይልቅ ይደጋገማሉ። ቐና ኸ የሚመጡት ኪውና ኬ በሺፍት ሲመቱ ነው። ለእኔ የሠራሁት የፊደል አደራደር ለእሷ ይሆናል ብዬ ዝም ብዬ አልገምትም። የትግርኛ ጽሑፎቿን ልካልኛለች፤ ፕሮግራሙም በእነሱ ላይ መቁጠር ጀምሯል።